«ፈንግል ነው» እያልን እስከ መቼ?



ባለፈው ጥቅምት በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ አስተማሪያችን ስለ ወፍ ጉንፋን አስተማሩን። ይህ በሽታ ከዱር ወፎች ወደ ቤት ዶሮዎች እንደሚተላለፍ፤ ከሩቅ አገር የሚመጡ ዳክዬዎችም ቫይረሱን ይዘው ሊመጡ እንደሚችሉ በሰሌዳው ላይ ሥዕል እየሣሉ አስረዱን። ደወል ተደውሎ ወደ ውጭ በወጣን ጊዜ ግን ትምህርቱ ወደ ክርክር ተለወጠ። አንዱ ጓደኛችን «እንግዲያውስ በጨፋ ረግረግ የሚያርፉትን ወፎች ማባረር ነው» አለ። ሌላው «ማባረር ምን ያደርጋል፤ ተመልሰው ይመጣሉ፤ ረግረጉን ማድረቅ ነው እንጂ» አለ። ሦስተኛው ደግሞ በወንጭፍ እንጨርሳቸው ብሎ ሁሉን አሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ አንድ ቃልም አልተናገርሁም። ዝም ያልሁበትን ምክንያት በዚያን ቀን ለመናገር አፍሬ ነበርና ዛሬ በትምህርት ቤታችን መጽሔት ላይ ልጽፈው ቆረጥሁ።

የምለው በአጭሩ ይህ ነው። የዱር ወፍ በሽታ ሊያመጣ ይችላል፤ ይህ እውነት ነው። ዳሩ ግን የመጣውን በሽታ ከቤት ወደ ቤት፤ ከገበያ ወደ ገበያ የሚያዞረው ከሁሉ ይልቅ ሰው ነው። ሰው ስል ሩቅ ያለ ሌላ ሰው ማለቴ አይደለም፤ እኛው ነን። ከዚህም የባሰው ነገር፤ ዶሮ በጅምላ ሲሞት «ፈንግል ነው» ብሎ ማለፍን ስለ ለመድን፤ የወፍ ጉንፋን አንድ ቀን ከደጃችን ቢደርስ እንኳ ስሙን የሚጠይቀው ሰው አይኖርም።

በመጀመሪያ ስለ ወፎቹ ልናገር። ከከሚሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው መንገድ የሄደ ሰው ሁሉ የጨፋን ሜዳ ያውቃል። ስሙም ራሱ በኦሮምኛ ጨፌ ከምንለው ከለምለሙና ከረጠበው መስክ ጋር የተያያዘ ነው። የቦርከና ወንዝ እየሞላ ያጠጣዋል፤ በበጋ ሌላው አገር ሁሉ ሲደርቅ እርሱ አረንጓዴ ሆኖ ስለሚቆይ ኦሮሞውም፤ አፋሩም፤ አርጎባውም፤ አማራውም ከብቱን ይዞ ይወርድበታል። ከከብቱ ጋር ወፉም ይሰበሰባል። ከከብት ኋላ እየተከተለ ፌንጣ የሚለቅመው ነጭ ወፍ፤ ሽመላው፤ ዳክዬው ሁሉ ምግቡን ከዚያ ያገኛል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ዓመቱን ሙሉ የአገራችን ነዋሪዎች ናቸው። ሌሎቹ ግን እንግዶች ናቸው፤ በአውሮፓና በእስያ ብርድ ሲበረታ በዓባይ ሸለቆና በስምጥ ሸለቆ በኩል አድርገው ከመስከረምና ከጥቅምት ጀምሮ ወደ እኛ ይመጣሉ፤ በመጋቢትና በሚያዝያም ወደ አገራቸው ይመለሳሉ።

የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ከጥንት ጀምሮ መኖሪያው እንደነዚህ ያሉት የውኃ ወፎች ናቸው። በዳክዬ አንጀት ውስጥ ይራባል፤ ከኩሷም ጋር ወደ ውኃ ይወርዳል፤ ሌላው ወፍ ያንን ውኃ ሲጠጣ ይይዘዋል። ዳክዬዋ ብዙ ጊዜ አትታመምም፤ እየበረረች፤ እየበላች ቫይረሱን ታደርሳለች። ቫይረሱ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ለብዙ ቀናት ይቆያል፤ ሙቀትና ፀሐይ ግን ያዳክሙታል። በዱር ወፍ ዘንድ ቀላል የነበረው ቫይረስ በብዛት ወደ ተከማቹ ዶሮዎች ሲገባ ግን ጠባዩን ለውጦ ገዳይ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ዶሮዎቹ ምልክት እንኳ ሳያሳዩ በአንድ ሌሊት ያልቃሉ፤ ወይም ፊታቸው ያብጣል፤ ኩክኒያቸው ይጠቁራል፤ እንቁላል መጣል ያቆማሉ።

ዛሬ ዓለምን የሚያስጨንቀው ኤች 5 ኤን 1 የሚባለው ዓይነት በመጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1996 በቻይና በጓንግዶንግ ከቤት ዝይ ላይ ነው። ልብ በሉ፤ ከዱር ወፍ ሳይሆን ከቤት ዝይ ነው። በዓመቱ በሆንግ ኮንግ የዶሮ ገበያዎች ገብቶ 18 ሰዎች ታመው 6ቱ ሞቱ፤ መንግሥቱም ከ1 ሚሊዮን የሚበልጡ ዶሮዎችን አስገደለ። እ.ኤ.አ. በ2005 በቻይና በቺንግሃይ ሐይቅ በሺህ የሚቆጠሩ የዱር ወፎችን ገደለ፤ ከዚያም በኋላ ወደ አውሮፓና ወደ አፍሪካ ተዳረሰ። እንግዲህ በሽታው ከዱር ወፍ ወደ ቤት ወፍ ብቻ የሚሄድ አይደለም፤ ከቤት ወፍም ወደ ዱር ወፍ ይመለሳል። ወፎቹም ሟቾች እንጂ ገዳዮች ብቻ አይደሉም። በጥር 2009 ዓ.ም. በኡጋንዳ በቪክቶርያ ሐይቅ ዳር የዱር ወፎችና የቤት ዳክዬዎች ሲሞቱ ታይቷል፤ በጥር 2013 ዓ.ም. ደግሞ በሴኔጋል በጁጅ የወፎች ፓርክ 750 ያህል ፔሊካኖች አልቀዋል።

ወደ አፍሪካ የመጣው በ1998 ዓ.ም. ነው። በየካቲት ወር በናይጄርያ በካዱና ግዛት ተገኘ፤ የተገኘውም በሐይቅ ዳር ሳይሆን በአንድ ትልቅ የንግድ ዶሮ እርባታ ውስጥ ነበር። በዚያው ወር በግብፅ ታየ፤ ጥቂት ወራትም ሳያልፉ ጎረቤቶቻችን ሱዳንና ጅቡቲ ገባ። ጅቡቲ ለእኛ ሩቅ አገር አይደለችም፤ ከዞናችን ከተማ ከባቲ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ በሚሌ በኩል አድርጎ ወደዚያው ያደርሳል።

በዚያው ዓመት በአገራችንም ታላቅ ድንጋጤ ሆኖ ነበር። በጉራጌ ዞን በጉብሬ ባለው የመንግሥት የዶሮ ማራቢያ ጣቢያ በሺህ የሚቆጠሩ ዶሮዎች አለቁ። ወሬው አዲስ አበባ ሲደርስ ሰው ዶሮና እንቁላል መግዛት ተወ፤ ገበያውም ወደቀ። የተወሰደው ናሙና ሲመረመር ግን የወፍ ጉንፋን አለመሆኑ ታወቀ። ብዙ ሰዎች ይህን ታሪክ የሚያስታውሱት እንደ ከንቱ ድንጋጤ አድርገው ነው። እኔ ግን ሌላ ነገር አይበታለሁ። በጉብሬ ዶሮዎቹ ሲሞቱ የሞቱትን የሚቆጥር ሰው ነበር፤ «ምን ገደላቸው?» ብሎ የሚጠይቅ ነበር፤ ናሙና ወስዶ የሚልክም ነበር። በእኛ መንደር ቢሆንስ ኖሮ ማን ይቆጥር ነበር? ማንስ ይጠይቅ ነበር?

እንግዲህ በዚያን ቀን ዝም ያልሁበትን ምክንያት ልናገር።

ከሁለት ዓመት በፊት እናቴ 11 ዶሮዎች ነበሯት። በሰኔ ወር አንድ ጧት 2ቱ ከቆጡ ሥር ሞተው ተገኙ። ከቀሩትም አንዷ አንገቷ ተጣሞ በአንድ ቦታ ትዞር ነበር፤ ሌላዋን አረንጓዴ ተቅማጥ ይዟት ነበር። እናቴ ጥቂት ተመለከተቻቸውና «ፈንግል ገባ» አለች። ሌላ ነገር አልተናገረችም። ከዚያም «የቆሙትን ይዘህ ሳይረፍድ ገበያ ድረስ» ብላ አዘዘችኝ። እኔም 6ቱን እግራቸውን አስሬ ቁልቁል አንጠልጥዬ ሄድሁ። በመንገድ ላይ አንዷ ዐይኗን ስትከድን ውኃ አርከፍክፌ አነቃኋት። በገበያው ከገጠር የመጡ አንዲት ሴት 2ቱን መርጠው አነሡና «ልጄ፤ ጤነኞች ናቸው ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። «አዎን፤ እማማ» አልኋቸው። ገንዘቡን ይዤ ተመለስሁ፤ የዚያን ዓመት የደንብ ልብሴም የተሰፋው በዚሁ ገንዘብ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እኒያን ሴት በዚያው ገበያ አገኘኋቸው። ልሸሽ አሰብሁ፤ እርሳቸው ግን ፈገግ ብለው ጠሩኝ። «ከአንተ የገዛኋቸው በሦስተኛው ቀን ሞቱ፤ ከዚያ የቤቶቹም ተከታትለው አለቁ፤ አንዲት አልቀረችልኝም። ፈንግል ነው፤ የአላህ ሥራ ነው» አሉኝ። እንደ ጥፋተኛ አድርገው አልተመለከቱኝም። ጥርጣሬም በልባቸው አልነበረም። ከዚያም ያልጠበቅሁትን ተናገሩ፤ «አሁንስ ሌላ ዶሮ የላችሁም ወይ? መራቢያ እፈልግ ነበር» አሉ።

ጓደኞቼ ሆይ፤ በዚያን ጊዜ በሰኔ ወር በጨፋ አንድም የአውሮፓ ዳክዬ አልነበረም፤ እንግዶቹ ወደ አገራቸው ከተመለሱ ሰንብተዋል። በእኒያ ሴት ቤት በሽታውን ያስገባው ክንፍ ያለው ፍጥረት አይደለም። እኔ ነኝ።

ይህ ፈንግል የምንለው በሽታ በእንስሳት ሐኪሞች ዘንድ ኒውካስል ይባላል፤ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1926 በታየባት በእንግሊዝ ከተማ ነው። ቫይረሱ ከወፍ ጉንፋን ቫይረስ የተለየ ነው። ነገር ግን በዐይን ለሚያያቸው ሰው ሁለቱ በሽታዎች እንደ መንታ ይመሳሰላሉ። ሁለቱም በድንገት ይገድላሉ፤ ሁለቱም ትንፋሽ ያሳጥራሉ፤ ሁለቱም አንገት ያጣምማሉ። የሚለያቸው የላቦራቶሪ ምርመራ ብቻ ነው። እንግዲህ እናቴ ለአፍታ አይታ የሰጠችው ስም ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ስሕተትም ሊሆን ይችላል። ፈንግል በየዓመቱ ዶሮአችንን እየፈጀ «የተለመደ ነው» እስካልን ድረስ አዲሱ በሽታ በአሮጌው ስም ተሸፍኖ መግባት ይችላል። ሌባ የቤተ ሰቡን ልብስ ለብሶ ቢገባ ውሻውም አይጮኽበትም።

ነገሩም የዶሮ ነገር ብቻ ሆኖ አይቀርም። ኤች 5 ኤን 1 እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በልዩ ልዩ አገሮች ከ900 በላይ ሰዎችን መያዙ ተመዝግቧል፤ ከእነርሱም ግማሽ የሚያህሉት ሞተዋል። ከሰው ወደ ሰው በቀላሉ የሚተላለፍ አልሆነም፤ የሚይዘው በተለይ የታመመችውን ወይም የሞተችውን ዶሮ የሚያርደውን፤ የሚነጨውንና የሚያገላብጠውን ሰው ነው። በደንብ የበሰለ ወጥ አያስፈራም፤ 70 ዲግሪ የደረሰ ሙቀት ቫይረሱን ይገድለዋልና። የሚያስፈራው ወጡ ሳይሆን ከወጡ በፊት ያለው ሥራ ነው። ያንን ሥራ በየቤታችን የሚሠሩት እነማን ናቸው? እናቶቻችንና እኅቶቻችን አይደሉምን? የሞተችውን ጫጩት ይዘው የሚጫወቱትስ ታናናሾቻችን አይደሉምን?

ይህን ጽሑፍ ለአዘጋጆቹ ከመስጠቴ በፊት ለእናቴ አነበብሁላት። እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያም «እውነት ነው። ግን ምን ላድርግ ኖሯል? ቁጭ ብዬ ሲያልቁ ልያቸው ኖሯል? እሱንም ጨምረህ ጻፈው» አለችኝ።

እናቴ እውነቷን ነው። ለድኻ ቤት ዶሮ ማለት የቁጠባ ሣጥን ማለት ናት። ለጨው፤ ለዘይት፤ ለደብተር፤ ልጅ ሲታመም ለመድኃኒት የምትመዘዘው እርሷ ናት። በ2013 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ በአገራችን 57 ሚሊዮን ያህል ዶሮዎች እንዳሉ ተገምቷል፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ በየጓሮው እየጫሩ የሚኖሩ የአበሻ ዶሮዎች ናቸው፤ ጠባቂዎቻቸውም በአብዛኛው ሴቶችና ልጆች ናቸው። እንግዲህ ለእንዲህ ያለች እናት «አትሽጪ» ብሎ ብቻ መሄድ ምክር አይደለም፤ ከጥጋብ የመጣ ንግግር ነው። ስለዚህ ለእናቴ ጥያቄ የሚሆነውን መልስ እንደ ዐቅሜ አቀርባለሁ።

አንደኛው መልስ ክትባት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፤ ፈንግልን በሽታው ከመግባቱ በፊት መከላከል ይቻላል። ክትባቱ በአገራችን በቢሾፍቱ ይሠራል። ለገጠር የሚሆን፤ ሙቀትን ከሌሎቹ ይልቅ የሚችል ዓይነትም አለ፤ በእያንዳንዱ ዶሮ ዐይን ውስጥ አንድ ጠብታ ይደረጋል፤ በየሦስትና በየአራት ወሩም ይደገማል። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮዎች የሚበቃ ስለ ሆነ 10 ዶሮ ያላት አንዲት ሴት ብቻዋን ብታስመጣው ይባክናል፤ ጎረቤት ከጎረቤት ጋር ቢያብር ግን ለእያንዳንዱ ቤት የሚደርሰው ወጪ ትንሽ ነው። እርግጥ ይህ ክትባት የወፍ ጉንፋንን አይከላከልም። ነገር ግን ሌላ ታላቅ ጥቅም አለው። ፈንግልን ያስከተበ መንደር ዶሮው በድንገት በጅምላ ቢሞት «ይህስ የተለመደው አይደለም» ብሎ ይደነግጣል። መደንገጡም ያድነዋል።

ሁለተኛው መልስ መናገር ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ዶሮዎች በአንድ ጊዜ መሞት ሲጀምሩ በዚያው ቀን ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ መንገር ይገባል፤ እርሱም ናሙና ወደ ላቦራቶሪ እንዲላክ ያደርጋል። የሞቱት ወደ ቦርከና ወይም ወደ መንገድ ዳር አይጣሉ፤ ለውሻም አይሰጡ፤ በጥልቅ ይቀበሩ። የቀሩትም ከቤት አይውጡ። ዛሬ በሰንበቴ የእሑድ ገበያ ወይም በባቲ የሰኞ ገበያ የተሸጠች ዶሮ በመኪና ጣራ ላይ ሆና በማግሥቱ ደሴ ወይም አዲስ አበባ ልትደርስ ትችላለች። ከሩቅ አገር የምትመጣ ዳክዬ እንኳ የዚህን ያህል ቤት አትጎበኝም።

ሦስተኛው መልስ ከእኛ ዐቅም በላይ ስለ ሆነ ለሹሞቻችን የሚቀርብ ልመና ነው። በሽታ ለመግታት ሲባል ዶሮዋ የሚገደልባት ሴት ካሳ ታግኝ። እውነት በመናገሯ የምትከስር ሴት በሁለተኛው ጊዜ አትናገርም፤ ጎረቤቷም ከእርሷ ተምራ ትደብቃለች። ካሳው ለአንዲት ሴት የተሰጠ ምጽዋት አይደለም፤ መንደሩን ሁሉ የሚጠብቅ ዘበኛ የሚቀጠርበት ደመወዝ ነው።

ስለ ወፎቹም የመጨረሻ ቃሌን ልናገር። በወንጭፍ ማባረሩ አይጠቅመንም፤ የተባረረ ወፍ ከዚህ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ያርፋል፤ በሽታ ካለበትም ይዞት ይሄዳል እንጂ ጥሎት አይሄድም። ረግረጉን ማድረቅም ከወፉ ይልቅ የሚጎዳው በበጋ ከብቱን ይዞ የሚወርደውን ሰው ነው። የሚጠቅመን መራቅ ነው። ዶሮዎቻችንን የዱር ዳክዬ በሚዋኝበት ውኃ ዳር አናሰማራ፤ የሚጠጡትን ውኃ በንጹሕ ዕቃ በግቢያችን እናቅርብላቸው፤ ሞቶ የተገኘ የዱር ወፍ በእጃችን አንንካ፤ ከገበያ የተገዛች ዶሮንም ከሌሎቹ ሳንቀላቅል ሁለት ሳምንት ለብቻዋ እንጠብቃት። ከረግረጉ የተመለሰ እረኛ እግሩን ሳይታጠብ ወደ ዶሮ ቤት አይግባ። ይህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ትጋት ብቻ ይበቃዋል።

ለእኛ ለተማሪዎች የሚሆን ሥራም አለ። እኛ የምንመጣው ከከሚሴ ከተማ ብቻ አይደለም፤ ከደዋ ጨፋ፤ ከአርጡማ ፉርሲ፤ ከጂሌ ጥሙጋ መንደሮች የመጣን አለን። እያንዳንዳችን በምንኖርበት መንደር የስንት ቤት ዶሮ በየትኛው ወር እንደ ሞተ በደብተር ብንጽፍ፤ ትምህርት ቤታችን ለእንስሳት ሐኪሞቹ የሚጠቅም መዝገብ ይኖረዋል። ሞት ሲቆጠር ልማድነቱ ይቀራል። ወላጆቻችንም በአማርኛ የተጻፈውን ባያነቡ በኦሮምኛ ልንነግራቸው እንችላለን።

እናቴና 5 ጎረቤቶቿ ባለፈው ኅዳር ገንዘብ አዋጥተው በአንድነት ዶሮዎቻቸውን አስከተቡ፤ በመጋቢትም አስደገሙ። አሁን 7 ዶሮዎች አሏት። ሰኔ ሲመጣ እናያለን። እኒያን ሴት ግን ከዚያ በኋላ አላገኘኋቸውም። በገበያ ቀን ሁሉ ዐይኔ ይፈልጋቸዋል፤ ባገኛቸው የተከተበች አንዲት ቄብ እሰጣቸውና በዚያን ቀን ያልነገርኋቸውን እነግራቸዋለሁ። እስከዚያው ግን ለእናንተ ነግሬአለሁ። ከእንግዲህ ወዲህ በደጃችን ዶሮ ሲሞት «ፈንግል ነው» ብለን ወደ ገበያ ከመሮጣችን በፊት «ምን ይሆን?» ብለን እንጠይቅ።